የሦስት ዘነዘና ዜማ

ሴቷ ልጄ ከሳጥኑ ሥር ስትጎትታት ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነው ያወቃት። ማር ማር ትላለች፤ ከማሩ ሥር የፍየል ቆዳ አለ፣ ከቆዳው ሥር ደግሞ የእናቴ አሮጌ መቀነት። በዚያ መቀነት ጠቅልላ ነበር የሰጠችኝ። ጥቁር እንጨት ናት፤ ከክንዴ አጠር ትላለች፤ ጣት የሚያርፍባቸው ቀዳዳዎች አሏት።

«ዋሽንት ነው እንዴ፣ እማ?» አለችኝ።

መልሱን ትቼ ተነሣሁና በሩን ዘጋሁ።

በዚህ ሰሞን በር መዝጋት ሥራዬ ሆኗል። ወንዱ ልጄ በጭነት መኪና ረዳትነት ወደ ጎንደር እንደወጣ አልተመለሰም። ሲወጣ «ማታ መጥቼ ነው የምበላው፤ ሽሮውን እንዳታቀጥኚብኝ» ብሎኝ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። መኪናዋ ብቻዋን ቆማ ተገኘች አሉ፤ ሾፌሩም እሱም የሉባት። ስልኩ ላይ በደወልኩ ቁጥር ያቺ ሴትዮ ጥሪ አይቀበልም ትለኛለች፤ ድምፅዋን ጠልቼዋለሁ። ባጃጅ ደጄ ላይ ቀስ ያለ እንደሆነ የያዝኩትን ጥዬ እቆማለሁ። ሰው መጥቶ የሚነግረኝ እየመሰለኝ ሰው እፈራለሁ፤ የሚነግረኝ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ዝምታውን እፈራለሁ።

ይሄ ሳያንሰኝ ሰፈሩ በእኔ ፈንታ ወስኖልኛል። ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ አሮጊቷ ሌሎች ሴቶች አስከትለው መጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ዘይት መወደድ አወሩ፣ ተቀመጡ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ? እርምሽን አውጪ» አሉኝ። ሬሳው ላልተገኘ ሰው ነው እንዲህ የሚደረገው። ድንኳን ይጣላል፣ ልብሱ አልጋው ላይ ይዘረጋል፣ እንደሞተ ተቆጥሮ ይለቀስለታል፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ የለም።

«ያቺ በልጅነትሽ የምትነፊያት የለቅሶ ዜማ አለች አይደል?» አሉ አሮጊቷ። «እሷን ብትነፊለት ነፍሱም ደስ ይላታል።»

«እሷ የለቅሶ አይደለችም፣ እማማ» አልኳቸው።

«በጆሮዬ የሰማሁትን?» አሉና እንደ ታመመ ሰው አዩኝ።

ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ የልጄ አስተማሪ፣ ከሌላ አገር ስለመጣሽ ያን ጊዜ እዚህ አልነበርሽም፤ በጆሮሽ ያልሰማሽው ስለሆነ ታምኝኝ ይሆናል። ፊደሌ ቢጣመም ሦስተኛ ክፍል ላይ የተወ ሰው ጽሕፈት ነው ብለሽ እለፊው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ክረምት ውኃ ከሚተኛበት ሜዳ ዳር ነበር። ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፈረንጅ መጣና ከእኛ አጠገብ ያለውን ቆርቆሮ ቤት ተከራየ። እናቴ ልብሱን ታጥብለት ነበር። እኔ ደግሞ፣ ለአገሩ ውኃ ሊያወጣ ለመጣው ሰውዬ ከወንዝ ውኃ እቀዳለት ነበር። ረጅም ነው፤ አንገቱ በርበሬ መስሎ የቀላ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ አባቴን «አንቺ» ይለዋል፣ እኔን «አንተ»። አባቴ «አንቺ ቢለኝም አንጀቱ ንጹሕ ነው» ይል ነበር። አንድ ቀን «እንግሊዝ ነህ?» ብሎ ቢጠይቀው ሰውዬው ተቆጣ። ስኮትላንድ ነኝ፣ እንግሊዝ አይደለሁም፣ አለ። አባቴ እስኪያስለው ስቆ፣ «ገባኝ፣ ገባኝ፤ ጎንደሬውን ጎጃሜ እንደማለት ነው» አለው።

የአገሩን የስልቻ ዋሽንት ሲነፋ መጀመሪያ የሰማሁት መስከረም ጠብቶ ውኃው ከሜዳው መሸሽ ሲጀምር ነው። ጀንበሯ ወደ ጣና አዘቅዝቃ ረግረጉ ሁሉ መዳብ መስሏል፤ አየሩ ጭቃና ቄጤማ ይሸታል። ሰውዬው ስልቻ በብብቱ አቅፎ፣ ረጃጅም ዘንጎች ትከሻው ላይ አጋድሞ ይራመዳል። ከዘንጎቹ የማያቋርጥ ድምፅ ይወጣል፤ ቀፎ ላይ ጆሮሽን ብትለጥፊ እንደሚሰማሽ ያለ። ከዚያ ላይ ቀጭኗ ዜማ ትሄዳለች። ላሞቹ መጋጥ አቁመው ቀንዳቸውን ቀና አደረጉና ወደ እሱ ሄዱ። ሰውም ከላሞቹ ኋላ ሄደ።

የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙና፣ «ይሄ ሰው እየዘመረ ነው ወይስ ፍየል በቁሟ እየገፈፈ?» አሉ። ሰዉ አሽካካ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ማምሻ ቀርተው አያውቁም። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል።

ስልቻው እንዳይደርቅ ሰውዬው ማር ያጠጣው ነበር። እናቴ ማሩን ሲያፈስበት ባየች ቁጥር ሆዷ ይቃጠላል። «እኛ ለበዓል የምናጣውን ለቆዳ ያበላዋል» ትላለች። በጋ ሲገባ ግን ማሩም አላዳነው፤ ስልቻው ተሰነጠቀ። ሰውዬው የተሰነጠቀውን ይዞ ደጃፉ ላይ ሲተክዝ አባቴ አየውና አላስቻለውም። ፍየል አረደ፤ ሆዷን ሳይቀድ ቆዳዋን እንደ ሹራብ አወለቀው። አለፋው፣ ረገጠው፣ አፉን ሰፋው። የገበሬ ስልቻ ማለት ነው፤ እህል የምንይዝበት። ሰውዬው ዘንጎቹን ሲሰካበትና ሲነፋው ከድሮው የበለጠ ጮኸ። አባቴ ወረታ ገበያ ላይ ሳይቀር «የእኔ ፍየል የፈረንጅ ዘፈን ትዘፍናለች» እያለ ሲያወራ ሰነበተ።

እኔ ውኃውን ስገለብጥ ዜማዋን በአፌ አንጎራጉራለሁ። አንድ ቀን ሰምቶኝ ገባና ይቺን ጥቁር እንጨት ይዞ ወጣ። መለማመጃ ናት፤ ስልቻ የላትም። «ና። ንፋ» አለኝ። ነፋሁ፤ ዳክዬ የረገጥኩ መሰለኝ። እናቴ ከልብስ ማጠቢያው ቀና ብላ፣ «ጉንጭሽ እንደዚያ ተነፍቶ ማን ያገባሻል?» አለች። ሴት ልጅ ዋሽንት ስትነፋ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። እኔም ከላሞቹ ጋር በረት ውስጥ ገብቼ እነፋለሁ፤ የእበቱ ትንፋሽ ሙቅ ነው፣ ላሞቹም አይስቁብኝም።

ሊያስተምረኝ የያዘው ያቺኑ አንዷን ነበር። ዋልዝ ይላታል። የአያት የቅድመ አያት ናት አለ፤ በሦስት በሦስት የምትሄድ። ጭኑን እየመታ ያሳየኛል፤ አንዱ ከባድ፣ ሁለቱ ቀለል ያሉ። ጣቶቼ ቶሎ ገባቸው። ሦስቱ ግን አልሆንልሽ አሉኝ። አንዱን እመታለሁ፣ ሁለተኛውን እመታለሁ፣ ሦስተኛውን እውጠዋለሁ። እሱ እጁን እያነሣ፣ «አይደለም! ሦስት የት ሄደ? ሦስት የት ሄደ?» ይለኛል። አያ ከድንጋያቸው ሆነው «ስጪው እንጂ አንቺ ልጅ፣ የሰው ንብረት አትደብቂ» እያሉ ያሾፉብኛል።

አንድ ቀን ጧት እናቴ፣ አክስቴና እኔ ሩዝ እንሸከሽካለን። ለአንድ ሙቀጫ ሦስት ዘነዘና ነው። እናቴ ጉልበቷ የጸና ስለሆነ ከባዱን ትጥላለች፣ አክስቴ ትከተላለች፣ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ያቺ የመጨረሻዋ ከዘገየች ዘነዘናዎቹ አየር ላይ ይጋጫሉ፣ ጣትም ይደቃል። እናቴ «ሦስተኛዋ! ተኝተሻል?» አለችኝ። ይሄኔ ገባኝ። ጭኑን እየመታ የሚነግረኝ ይሄንኑ ነው። ዘነዘናውን ጣልኩና ሮጥኩ። አክስቴ «ወዴት ነው? እብድ!» ትላለች ከኋላዬ። ፀጉሬ ላይ ገለባ እንደተበተነ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነፋሁለት፤ በልቤ እናቴን፣ አክስቴን፣ ራሴን እየቆጠርኩ።

ሰውዬው ቡናማ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። የማላየውን ሰው እንዳቀፈ ክንዶቹን ዘርግቶ ግቢውን እየዞረ ጨፈረ። አያ «ኧረ ከማን ጋር ነው የሚጨፍረው?» አሉ። እሱ ሲቆም ዓይኑ ርሷል። በዚያች በተሰባበረች አማርኛው ነገረን። በአገሩ ሰርግ ሲያልቅ ይቺ ትነፋለች፤ ሙሽራውና ሙሽራዋ ብቻ ተቃቅፈው ይዞራሉ፣ ሌላው ሰው ዳር ቆሞ ያያል። «ለሰርግ» አለ። «ለሰርግ ብቻ።» ሚስቱ የት እንዳለች አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛ ቤት የሦስት ዘነዘና ዜማ ትባል ነበር።

ጉድጓዱ አልቆ ሰውዬው ሲሄድ ትልቁን ከነስልቻው ለእኔ ተወልኝ። «ስልቻው የአባትህ ነው። አንተ ንፋ። ካልነፋህ ይደርቃል» አለኝ። ተመልሼ እመጣለሁም ብሎ ነበር። አልመጣም። እኔ ግን እየሳልኩ፣ ጉንጬን እያመመኝ፣ ትልቁን ለመድኩት።

በዓመቱ አያ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ሚስታቸው ፊታቸውን ነጭተው አጠገቤ መጡና፣ «ማምሻ ማምሻ የሚሰማትን ንፊለት» አሉኝ። እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? «የሰርግ ናት እኮ» አልኳቸው። «ይሁን፤ እሱ የሚወዳት እሷን ነው» አሉ። ሰዉ መሐል ቆሜ ነፋሁ። ስልቻው ሲያጓራ ሜዳው ሁሉ ያጓራ መሰለ። አልቃሿ ግጥሟን አቋረጠች፤ ከዚያ ሕዝቡ አንድ ላይ አለቀሰ። ወንዶች እንኳ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያን ያህል እንባ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አለቀ። ከዚያ ወዲህ የለቅሶ ዜማ ሆና ቀረች። ከይፋግ በኩል፣ ከጣራ ገዳም ሥር ሰው ሲሞት «ያቺን ልጅ ላኩልን» እያሉ መልእክተኛ ይልካሉ። አባቴ አልፈቀደም። እኔ የሰርግ ናት ብል ማን ይሰማል? «እንዲህ አንጀት የሚበላ የምን ሰርግ ነው?» ይሉኛል። እውነት ለመናገር እኔም የሚያስለቅስ ነገር እንዳለባት አውቃለሁ። ግን ሰርግስ አያስለቅስም?

ለይፋግ ልጅ ታጨሁ። የሙሽራው እናት የአያ የወንድም ልጅ ነበረች፤ ለቅሶው ላይ ያየችኝ እሷ ናት፣ «ትሑት ልጅ ናት» ብላ ያስጠየቀችኝም እሷ ናት። ልጁን ገበያ ላይ ሁለቴ አይቼዋለሁ። በሬ እየነዳ ሲያልፍ እጁን በሬው ጀርባ ላይ ጣል ያደርጋል፣ ሳያስበው። በዚያ እጁ ነው የወደድኩት።

የሰርጉ ዕለት ዳስ ተጥሏል፣ ጠላው ፈልቶ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል፣ ሴቶቹ አልብሰውኝ እልፍኝ ውስጥ ለብቻዬ ተዉኝ። ስልቻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ይዘሽው አትመጪም ተብዬ ነበርና እዚያው ቀርቶ ሊደርቅ ነው። ተነሥቼ አወረድኩት። ሰውዬው ለሰርግ ብቻ ያላትን ለሰርጌ ሳልነፋት ለማን ልንፋት? የሙሽራው ወገን ገና ሩቅ ነው ብዬ ነበር። አፌ ላይ አደረግኩና እናቴን፣ አክስቴን፣ ራሴን እየቆጠርኩ ነፋሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ነፍቼ አላውቅም።

እነሱ ግን ደጅ ደርሰው ኖሯል። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ዜማዋ ወጣች። የሙሽራው እናት እጇን አናቷ ላይ ጭና «ወይኔ አያዬ!» አለች። አብረዋት የመጡት የይፋግ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ተቀበሏት። ከበሮው ቆመ። የእኛ ሰዎች «ማን ሞተ? ማን ነው የሞተው?» እያሉ ከዳሱ ወጡ። እኔ ስልቻውን ስጥለው በራሱ ጊዜ እያቃሰተ ተነፈሰ፤ እሱም አልቅሶ ጨረሰ።

የሙሽራው አባት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ልጄን በቁሙ አለቀሳችሁበት። ከዚህ ቤት ሬሳ እንጂ ሙሽራ አይወጣም።» አባቴ ተለማመጠ፣ ቄሱ ለመኑ፣ ድንጋይ ተሸክመው እግራቸው ላይ ወደቁ። አልሆነም። በቅሎዎቹ ዞሩ። በግድግዳው ስንጥቅ ሳይ ልጁ አንዴ ወደ እልፍኙ ዞር ብሎ አየ፤ እጁ በቅሎዋ አንገት ላይ ነበር። ከዚያ ሄደ።

እናቴ አልተናገረችኝም። አባቴ ግን በማግስቱ ስልቻውን አነሣው። ዘንጎቹን ነቃቅሎ ከምድጃ ጨመራቸው፤ ጥቁር እንጨት ሲነድ ምን እንደሚሸት ያኔ ነው ያወቅኩት። ቆዳውን አጠበውና የጤፍ ዘር ከተተበት። «ስልቻ ነው። ድሮም ስልቻ ነበር» አለ። የእኔ ፍየል እያለ ገበያውን የዞረው ሰውዬ። ትንሿን መለማመጃ እናቴ መቀነቷ ውስጥ ደበቀችልኝ። ሌላ ባል እስካገኝ ስሜ በአገሩ ዞረ፤ «ሞት የምትጠራዋ» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ ወረታ ላይ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገባኝ፤ ያለ ዳስ፣ ያለ ከበሮ። የልጆቼ አባት ነው። ደግ ነበር፤ አሁን እሱም የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ሳጥኑን ከፍቶ አይቷት፣ «ይቺ ነገር በቤቴ እንዳትጮህ» ብሎኛል። አልጮኸችም።

ሴቷ ልጄ ግን ይህን ሁሉ መች ታውቃለች? ጥያቄዋን ዝም ብያት ሳለ፣ ከርብ ወንዝ ዳር መቃ ቆርጣ አምጥታ፣ ውስጧ የደረቀውን ምላስ አይታ፣ ድምፅ የምታወጣበትን ሌላ ቀጭን ምላስ ሠራችላት። ዛሬ ከቀትር በኋላ አፏ ላይ አድርጋ ስትነፋ ዳክዬዋ ጮኸች። ልቆጣት ተነሥቼ ነበር። ከዚያ አሮጊቷ ያሉኝ ትዝ አለኝ። እርምሽን አውጪ። ይቺንም ዜማ፣ ልጄንም፣ ለእነሱ ሰጥቼ ቁጭ ልበል?

ሄጄ በሩን ከፈትኩት። ወለል አድርጌ። ከዚያ ሙቀጫዬን ጎትቼ መሐል ላይ አስቀመጥኩና ዘነዘና አነሣሁ።

«የምን ዜማ ነው፣ እማ?» አለች።

«የሰርግ። የወንድምሽ ሰርግ ላይ አንቺ ነሽ የምትነፊው። ከባዱን እኔ ስመታ አንቺ ጀምሪ።»

ጣቶቿን እያስያዝኩ አስጀመርኳት። ጣቷ እንደኔ ፈጣን ነው። አንዱን አለች፣ ሁለተኛውን አለች፣ ሦስተኛውን ዋጠችው። ሳላስበው፣ «ሦስት የት ሄደ?» አልኩ።

ሁለታችንም ደነገጥን። ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን እኮ። እሷ ዓይኗን ወደ ወንድሟ ጫማ ላከች፤ በሩ ሥር ነው፣ እንዳወለቀው። እኔም አየሁት።

«እንደገና» አልኳት።

እንደገና ጀመረች። አሮጊቷ ጎረቤቴ ከወፍጮ ሲመለሱ ደጄ ላይ ቀጥ አሉ። ዱቄቱን መሬት አስቀመጡና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ቀስ ብለው ገቡ።

«መርዶው መጣ እንዴ፣ ልጄ?»

«አልመጣም፣ እማማ። የሰርግ ነው።»

አዩኝ። ልጄንም አዩዋት። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ልጄ አፏን ከእንጨቷ ላይ አንሥታ ጠበቀችኝ።

እኔ ነጠላዬን አልነካሁትም። «አታቁሚ፤ ከመጀመሪያው» አልኳት። ከባዱን መታሁ፣ ሁለተኛውን እሷ ነፋችው፤ ሦስተኛው ጋ ትንፋሿ ሲያጥር፣ ዘነዘናውን አነሣሁና የወንድሟን እኔ መታሁለት።